«ጠፋብኝ» ሳይሆን «ተሰረቀብኝ»፦ ውድ ዕቃ ሲሰረቅ ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

ውድ ዕቃ የተሰረቀበት ሰው መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ጠፋብኝ» ነው። «ሰዓቴ ጠፋ»፣ «ሐብሌ ጠፋ» እንላለን። በእኛ አነጋገር ጠፋ ማለት ወደቀም፣ ተረሳም፣ ተሰረቀም ሊሆን ይችላል። የሚሰማን ሰው ከሁኔታው ይረዳናል። ኢንሹራንስ ግን እንዲህ አይረዳንም። ብዙ የመድን ውሎች ስርቆትን ይሸፍናሉ፤ የት እንደገባ ያልታወቀ ዕቃ ግን አይሸፍኑም። በድንጋጤ ስልክ አንስታችሁ የተናገራችኋት ያቺ አንዲት ቃል መዝገብ ላይ ከሰፈረች በኋላ ለማስተካከል ብዙ ታደክማለች።

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት የእጅ ሰዓቴ ካረፍኩበት ክፍል ተሰረቀ። ለፖሊስ «ማታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ተኛሁ» ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ለኢንሹራንሱ ደግሞ በስልክ «ጠዋት ገላዬን ስታጠብ አውልቄው ነበር» አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው። ማታ አስቀመጥኩት፣ ጠዋት አሰርኩት፣ ልታጠብ ስገባ መልሼ አወለቅኩት፣ ቁርስ በልቼ ስመለስ የለም። ፋይሉን ያነበበው ሰው ግን ያየው ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው። እሱን ለማስረዳት ሳምንታት ፈጀብኝ፤ ገንዘቡም የዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ሲጠቃለል ሦስት ጥያቄ ነው። ዕቃው የእናንተ ነበር ወይ? ስንት ያወጣ ነበር? ውሉ በሚሸፍነው መንገድ ነው ወይ የተወሰደው? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ መልስ ማዘጋጀት ነው።

1. የመጀመሪያዋ ሰዓት

ሌባው አሁንም ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አትግቡ፤ ወጥታችሁ ለፖሊስ ደውሉ። ከገባችሁ ደግሞ ምንም አታስተካክሉ። የተገለበጠውን መሳቢያ ለመመለስ፣ የተሰበረውን መስታወት ለመጥረግ እጅ ያሳክካል። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። የበሩን ቁልፍ፣ የመስኮቱን ፍሬም፣ የተፈለቀቀውን ካዝና ከቅርብም ከሩቅም አንሱ። ብዙ ውሎች «ተሰብሮ የተገባ» መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይጠይቃሉ። የተጫረ የበር ጠርዝ በኋላ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ቤተሰብ ጠይቁ። ቀለበቱን እህታችሁ ለሰርግ ተውሳው፣ ወይም እናታችሁ «ይሻላል» ብላ ሌላ ቦታ አስቀምጣው ሊሆን ይችላል። የት የት እንደፈለጋችሁ ጻፉ። በኋላ «ፈልጋችኋል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ መልሱ በእጃችሁ ይኖራል።

የደኅንነት ካሜራ ያለበት አካባቢ ከሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ለነገ አይባልም። ብዙ ካሜራዎች ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ በድሮው ላይ አዲስ ይቀዳሉ። ባለቤቱ ቅጂውን ለእናንተ ባይሰጥ እንኳ እንዳይጠፋ ያስቀምጥላችሁ፤ ፖሊስ ይወስደዋል።

አሁን ቁጭ ብላችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ዕቃውን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ከዚያ በኋላ ምን ምን አደረጋችሁ? ማን ገባ፣ ማን ወጣ? እንደጠፋ ያወቃችሁት በስንት ሰዓት ነው? የማታስታውሱትን «አላስታውስም» በሉ። በግምት ከሆነ «በግምት» ብላችሁ ጻፉ። ለፖሊስ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለመርማሪ የምትሰጡት ቃል ሁሉ ከዚህች ገጽ ይቀዳል። እኔ ያን ጊዜ ይህችን አንድ ገጽ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መጓተት አይደርስብኝም ነበር።

2. ፖሊስ ጣቢያ

የፖሊስ ሪፖርት የሌለው የስርቆት ካሳ ጥያቄ ብዙ ርቀት አይሄድም። ውሎቹ ብዙ ጊዜ «ወዲያውኑ» ወይም በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ማመልከትን ግዴታ ያደርጋሉ። ስርቆቱ የተፈጸመው በጉዞ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያ አገር ሳትወጡ አመልክቱ። ቤት ደርሶ ማመልከት ጥርጣሬ ይጋብዛል።

ጣቢያ ስትደርሱ «ተሰረቀ» በሉ፤ ጸሐፊው የሚጽፈውንም ተከታተሉ። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። «ጠፍቷል» ብሎ ጽፎ ከሆነ በትሕትና እንዲያስተካክለው ጠይቁ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ማዕረግ ያዙ። በሁለተኛው ቀን ሌላም ዕቃ እንደሌለ ካወቃችሁ ተመልሳችሁ ተጨማሪ ቃል ስጡ። ለኢንሹራንሱ የምታቀርቡት ዝርዝር ከፖሊሱ ዝርዝር ከበለጠ ትርፉን ማስረዳት ከባድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃውን ሲገልጽ ነው። «አንድ የወርቅ ሐብል» ብሎ ማስመዝገብ ምንም አላስመዘገቡም ማለት ነው። እንዲህ ይጻፍ፦ «ባለ 18 ካራት ቢጫ ወርቅ የአንገት ሐብል፤ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 12 ግራም፤ መቆለፊያው ላይ 750 የሚል ማኅተም አለው፤ ከመቆለፊያው ሦስተኛዋ ቀለበት ተሰብራ በብየዳ ተጠግናለች።» ያቺ የተበየደች ቀለበት በዓለም ላይ ካሉ ሐብሎች ሁሉ የእናንተን ትለየዋለች። ማኅተሙ 750 መሆኑ ወርቁ 18 ካራት ነው ማለት ነው፤ 585 ከሆነ 14 ካራት፣ 916 ከሆነ 22 ካራት ነው።

3. ውሉን አውጡና አንብቡ

አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከኢንሹራንሱ ጋር ረጅም ወሬ ከመጀመራችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡት። ሁሉንም ማንበብ ካቃታችሁ እነዚህን ፈልጉ።

መጀመሪያ የአንድ ዕቃ ጣሪያ የሚባለውን እዩ። የቤት ዕቃ መድን በጠቅላላ ትልቅ ገንዘብ ይሸፍን ይሆናል፤ ለአንድ ጌጣጌጥ ወይም ለአንድ ሰዓት የሚከፍለው ግን ትንሽ ጣሪያ አለው። ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ በስሙ ተዘርዝሮ መመዝገብ ነበረበት። ተመዝግቦ ከሆነ በውሉ ሠንጠረዥ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ቦታው። ውሉ ቤት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚሸፍነው ወይስ አድርጋችሁት ስትወጡም? ውጭ አገርስ?

ከዚያ ቅድመ ሁኔታዎቹ። ጌጣጌጥ በማይደረግበት ጊዜ ካዝና ውስጥ እንዲቀመጥ፣ በጉዞ ጊዜ ከእጅ ሻንጣ እንዳይለይ፣ መኪና ውስጥ ከተተወ እንደማይሸፈን፣ በር ሳይቆለፍ ከተሰረቀ እንደማይከፈል የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች በብዛት ይገኛሉ። የእናንተ ጉዳይ ከአንዱ ጋር የሚጋጭ ከመሰላችሁ አትደናገጡ፤ ግን ቀድማችሁ እወቁት።

በመጨረሻም ተቀናሹንና ቀነ ገደቡን ተመልከቱ። ተቀናሽ ከእያንዳንዱ ካሳ ላይ እናንተ ራሳችሁ የምትሸከሙት ድርሻ ነው፤ ኤክሰስም ይሉታል። ቀነ ገደቡ ደግሞ ለማሳወቅ አንድ፣ ሙሉ ሰነድ ለማቅረብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ካላንደር ላይ አስፍሩ።

4. ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ

ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ በስልክ ብቻ መቅረት ግን አይበቃም። በዚያው ቀን በኢሜይል አስከትሉ። አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«የውል ቁጥሬ ይህ ነው። በዚህ ቀን ከመኖሪያ ቤቴ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ የጣት ቀለበት ተሰርቀውብኛል። ስርቆቱን ያወቅኩት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሲሆን ለፖሊስ በዚያው ዕለት አመልክቻለሁ፤ የመዝገቡ ቁጥር ይህ ነው። የዕቃዎቹን ዝርዝርና ማስረጃ አሰባስቤ አቀርባለሁ። እባካችሁ የካሳ ጥያቄ ቁጥር፣ ጉዳዩን የያዘውን ሰው ስምና የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ዝርዝር ላኩልኝ።»

ይሄው ነው። ማን እንደሰረቀ የጠረጠራችሁትን፣ ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ በግምት የምትሉትን ለጊዜው ተዉት። ተጠይቃችሁ ካላወቃችሁ «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ማለት ሙሉ መብታችሁ ነው። በእያንዳንዱ የስልክ ጥሪ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገራችሁን ሰውና የተባለውን በአንድ ደብተር ጻፉ።

5. ማስረጃ ማሰባሰብ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ካሳው የሚወሰነው እዚህ ነው።

ደረሰኝ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን ተስፋ አትቁረጡ። የባንክ ስቴትመንት ግዢውን ያሳያል። የገዛችሁበት ሱቅ ብዙ ጊዜ በስማችሁ መዝገብ ይኖረዋል፤ ደውላችሁ ቅጂ ጠይቁ። የዋስትና ካርድ፣ የሰርቪስ ወረቀት፣ ባዶ ሣጥኑ፣ የወርቅ አንጥረኛው የጥገና ደረሰኝ፣ የድሮ የዋጋ ግምት ሰነድ ሁሉ ይቆጠራል። ሰዓት ሰርቪስ ያደረገ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ተከታታይ ቁጥሩን ይመዘግባል። ይህን ብዙ ሰው አያስታውሰውም።

ተከታታይ ቁጥር የዕቃው መታወቂያ ነው። የት እንደሚገኝ ግን ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። በድሮዎቹ የሮሌክስ ሰዓቶች ላይ ቁጥሩ ማሰሪያው ከሰዓቱ ጋር በሚገናኝበት በ6 ቁጥር በኩል፣ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ተቀርጿል። ማሰሪያው ካልተፈታ አይታይም። በአዲሶቹ ላይ ግን ከመስታወቱ ሥር ባለው የብረት ቀለበት ላይ፣ እዚያው 6 ቁጥር ጋ ነው። ሰዓቱን ዘንበል አድርጎ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ቀጫጭን ፊደሎች ብርሃን ይዘው ብልጭ ይላሉ። ሰዓቱ ከሄደ በኋላ ይህን ማየት አይቻልም። ስለዚህ የዋስትና ካርዱን ፈልጉ፤ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ።

ቦርሳ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። ሉዊ ቪቶንና ሻኔል እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ወደ ማይክሮቺፕ ዞረዋል። ድሮ የሚታወቀው የቀን ኮድ ወይም የተለጠፈ ቁጥር አዲሶቹ ላይ የለም። «ኮዱን አምጡ» ቢሏችሁና ባይኖር ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የግዢውን ዘመን ጠቅሳችሁ አስረዱ።

አልማዝ ከሆነ የላቦራቶሪ ሰርተፊኬቱን ፈልጉ። ጂ.አይ.ኤ. የተባለው የአልማዝ መርማሪ ተቋም ያያቸው ብዙ ድንጋዮች የሰርተፊኬቱ ቁጥር በወገባቸው ዙሪያ በሌዘር ተጽፎባቸዋል። በ10 እጥፍ ማጉያ ይነበባል። ቀለበቱ ቀልጦ ድንጋዩ ብቻ ቢሸጥ እንኳ ቁጥሩ ይከተለዋል።

ፎቶ ደግሞ አለ። የልደት፣ የሰርግ፣ የምረቃ ፎቶዎቻችሁን አገላብጡ። እጃችሁ ላይ፣ አንገታችሁ ላይ የሚታይበትን ምረጡ። ፎቶውን በዋትሳፕ ተራ ምስል አድርጋችሁ አትላኩ፤ መተግበሪያው ፎቶው መቼ እንደተነሣ የሚናገረውን ድብቅ መረጃ ያጠፋዋል። ዋናውን ፋይል በኢሜይል ወይም እንደ ሰነድ አድርጋችሁ ላኩ።

በስጦታ ወይም በውርስ የተገኘ ዕቃስ? ይህ ብዙዎችን ያስጨንቃል፤ ያስጨንቅማል። የሰጣችሁ ሰው የጽሑፍ ቃል፣ የኑዛዜ ወይም የውርስ ሰነድ፣ አያታችሁ አድርጋው የተነሣችው ፎቶ፣ ዕቃውን የሚያውቁ ሰዎች ምስክርነት ተደምሮ ያግዛል። አንድ የጌጣጌጥ ገማች ከፎቶውና ከገለጻው ተነሥቶ ዋጋ ሊያወጣላችሁ ይችላል። የአያት ቀለበት በገንዘብ የማይተካ መሆኑን አውቃለሁ። ኢንሹራንሱ ግን ትዝታውን አይገምትም፤ እናንተም ለትዝታው ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

6. ዕቃው እንዳይሸጥ መንገድ መዝጋት

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለአምራቹ ኩባንያ ተከታታይ ቁጥሩን ሰጥታችሁ እንደተሰረቀ አሳውቁ። ሰዓት ከሆነ ዘ ዎች ሬጅስተር የሚባል የተሰረቁና የጠፉ ሰዓቶች መዝገብ አለ፤ ያገለገሉ ሰዓቶችን የሚገዙ ነጋዴዎች ከመግዛታቸው በፊት ያዩታል። ለሥዕል፣ ለቅርጻ ቅርጽና ለጥንታዊ ዕቃ አርት ሎስ ሬጅስተር አለ። ኢንተርፖል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አይዲ አርት የተባለ የስልክ መተግበሪያ አውጥቷል፤ ማንም ሰው የሥነ ጥበብ ዕቃዎቹን ፎቶና ዝርዝር ቀድሞ ሊይዝበት፣ የተሰረቁትንም ሊያይበት ይችላል። ኢንሹራንሱ ራሱ ማስመዝገቡን ይሠራው እንደሆነ ጠይቁ።

በኢንተርኔት የሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ዕቃችሁን ካያችሁት ስክሪንሾት አንሱ፣ ሊንኩን ያዙ፣ ለፖሊስና ለኢንሹራንሱ ላኩ። ሻጩን በራሳችሁ አታግኙ። መልሳችሁ አትግዙት። አደጋም አለው፣ ጉዳዩንም ያበላሻል።

7. ቅጹን መሙላትና አጣሪውን ማነጋገር

ቅጹን ከዚያች ከመጀመሪያዋ ገጽ ጋር እያስተያያችሁ ሙሉ። ባዶ ቦታ አትተዉ፤ የማይመለከታችሁ ከሆነ «አይመለከተኝም» በሉ። በፊት ካሳ ወስዳችሁ ታውቃላችሁ ወይ የሚለውን በታማኝነት መልሱ። ኩባንያዎች መረጃ ይለዋወጣሉ።

ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ አጣሪ ይመጣል። እንደ ጠላት አትዩት። ሥራው መጠየቅ ነው፤ አንዱን ጥያቄ በሦስት መልክ ሊጠይቃችሁም ይችላል። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩለት። «በሩን ቆልፌ ነው የወጣሁት» ማለትና «ሁልጊዜ ስለምቆልፍ ቆልፌ መሆን አለበት» ማለት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ሁለተኛውን ተናገሩ። የሚቀዳ ቃል ከሰጣችሁ ቅጂ ጠይቁ።

ስለ እውነት ትንሽ ልቆይ። የመድን ውል «ፍጹም ቅን ልቦና» በሚባል መርህ ላይ የቆመ ነው። እንግሊዛዊው ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1766 ካርተርና ቦኸም በተከራከሩበት ጉዳይ ላይ ካስቀመጡት ወዲህ መርሁ በብዙ አገሮች የመድን ሕግ ውስጥ ቦታ አለው። በተግባር ምን ማለት ነው? አምስት ዕቃ ተሰርቆባችሁ ስድስተኛ ብትጨምሩ፣ ወይም የጠፋባችሁን ደረሰኝ በሌላ ብትተኩ፣ ስድስተኛው ብቻ ሳይሆን አምስቱም ሊቀሩባችሁ ይችላሉ። ከዚያም አልፎ በማጭበርበር ያስከስሳል። ደረሰኝ ከሌላችሁ «የለኝም» ማለት ሺህ ጊዜ ይሻላል።

8. የካሳው ስሌት

ኢንሹራንሱ አንድ ቁጥር ይዞ ሲመጣ ወዲያው አትፈርሙ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ውሉ «በስምምነት የተወሰነ ዋጋ» የሚል ከሆነ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ይከፈላል። «የገበያ ዋጋ» ከሆነ በተሰረቀበት ቀን ያገለገለ ዕቃ የሚያወጣው ነው። «በአዲስ መተካት» ከሆነ ዛሬ አዲስ ለመግዛት የሚያስፈልገው ነው። አንዳንድ ሰዓቶችና ቦርሳዎች ያገለገሉት ከአዲሱ በላይ ይሸጣሉ፤ ያንን ለማሳየት ተመሳሳይ ዕቃ በቅርቡ የተሸጠበትን ዋጋ ሰብስቡ። ለሽያጭ የተለጠፈ ዋጋና በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ይለያያሉ፤ ክብደት ያለው ሁለተኛው ነው።

አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። በቤታችሁ ያለው ዕቃ በጠቅላላ 100 ሺህ የሚያወጣ ሆኖ የገባችሁት መድን ለ60 ሺህ ብቻ ከሆነ፣ የተሰረቀው የ10 ሺህ ዕቃ 6 ሺህ ብቻ ሊታሰብለት ይችላል። ብዙ ውሎች ካሳውን በዚህ ምጥጥን ይቀንሳሉ። ተቀናሹ ደግሞ ሌላ ነው።

ከጥንድ ጉትቻ አንዱ ብቻ ከተሰረቀ «የጥንድና የስብስብ» አንቀጹን ፈልጉ። አንዳንዱ ውል የአንዱን ዋጋ ብቻ ይከፍላል፤ አንዳንዱ የቀረውን ተረክቦ የጥንዱን ሙሉ ዋጋ ይሰጣል።

በገንዘብ ፋንታ ከተወሰነ ሱቅ ዕቃ እንድትወስዱ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ያንኑ ዕቃ ሱቁ የማይሸጥ ከሆነ ይህን በጽሑፍ ገልጻችሁ ገንዘብ ጠይቁ። የማትከራከሩበት ክፍል ካለ እሱ እንዲከፈላችሁና ቀሪው ላይ ንግግሩ እንዲቀጥል መጠየቅም ይቻላል። «ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ግን ነገሩ ሳያልቅ አትፈርሙ።

9. እንቢ ካሉ

ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ከነአንቀጹ ጠይቁ። «አይሸፈንም» የሚል ባዶ መልስ በቂ አይደለም። አንቀጹን ከውሉ ጋር አስተያዩ፤ ምክንያቱን ነጥብ በነጥብ የሚመልስ ደብዳቤ ለኩባንያው የቅሬታ ክፍል አስገቡ። አዲስ ማስረጃ ካለ አያይዙ። ንዴቱ ልክ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን አይግባ። ከዚያም ካልሆነ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ዕንባ ጠባቂ ወይም የግልግል ዳኝነት በብዙ አገሮች አለ። ለእነዚህም ለፍርድ ቤትም ቀነ ገደብ አለ፤ የእንቢታው ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ቁጠሩ።

10. ካሳ ከተከፈለ በኋላ ዕቃው ቢገኝ

ይህ ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን። ካሳውን በሙሉ ከተቀበላችሁ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የኢንሹራንሱ ነው። ዝም ብሎ መያዝ አይቻልም፤ ፖሊስ ሲደውልላችሁ በዚያው ቀን ለኩባንያው ጻፉ። ብዙ ኩባንያዎች የከፈሉትን መልሳችሁ ዕቃውን እንድትወስዱ ይፈቅዳሉ። ለአያት ቀለበት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ካሳውን ስትቀበሉ «ከተገኘ ቅድሚያ ለእኔ» የሚል ቃል በጽሑፍ እንዲገባ ጠይቁ። ዕቃውን ከመረከባችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፤ ማኅተሙንና ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አመሳክሩ። ድንጋዩ ተነቅሎ ወይም ተጎድቶ ከተመለሰ፣ ከምትመልሱት ገንዘብ ላይ የጥገናው ወጪ እንዲቀነስ ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ።